ስም የበዛበት

ሙሐረቅ፣ ከጠባቡ መንገድ፣ ከመስጊዱ ኋላ፣
ማማ ሙዛ ከመስኮቱ ዳር፣ በትራስ ተከልላ፣
ታወራለች፤ ቃል አልጠፋትም፣ ቃሏማ ሞልቷል፣
ክሩ እንደ ተበጠሰ ሉል ምንጣፉ ላይ ፈሷል።
«ዓሣው ቀሚሱን ይልበስ፣ ጨረቃዋን እጠፊ፣
ማክሰኞ በር ላይ ቆሟል፣ ቁልፉ ሳይበስል አትለፊ»
ትላለች፣ ቅንድቧን ሰብስባ፣ እንደ ድሮው አዛዥ፤
«እሺ ማማ» እላለሁ እኔ፣ ምኑን ሳላውቅ ታዛዥ።
የእኛ መልስ ግን አይደርሳትም፤ ልጇ ሲያናግራት፣
ባደገችበት ቋንቋ፣ የቆርቆሮ ዝናብ ነው የሚሆንባት።
አፉን ታየዋለች፣
እንደ ተዘጋ ሱቅ።

ስም አወጡለት ሁሉም።
የማናማው ሐኪም ስሙን ከሩቅ አገር አመጣው፣
የሞተ ፈረንጅ ስም ነው አሉ፣ ወረቀት ላይ አሰጣው፤
ሌላው መጣና አየት አድርጎ «የመቀበያ እክል»፣
ሦስተኛዋ «የቃል ድንቁርና»፣ የራስ ቅሏን ፎቶ ስታስተካክል።
ጃሲም «ጀልጣ» ብቻ ይላል፤ ከዚያ ወዲያ አይነካውም፤
ምራቷ «ዓይን ነው» ትላለች፣ ባለ ዓይኑን ግን አትጠራውም።
ሾፌሩ ኩንጁሞን «ሬዲዮ ናት» አለኝ፣ ጎማ እየነፋ፣
«ጣቢያው አለ፣ ድምፁ አለ፤ አንዲት ሽቦ ናት የጠፋ።»

እኔ? ሳቄ መጣ።
እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቄ መጣ።

ያን በሽታ አውቀዋለሁ፤ ታምሜዋለሁ ዓመት ሙሉ።
ኮምቦልቻ፣ ደላላው ቤት፣ «አረብኛ ትሰሚያለሽ?» ሲሉ
«አዎ፣ እሰማለሁ» አልኩኝ፤ ደግሞም አልዋሸሁም፣
ጆሮ ነበረኝ፣ ሁለት፤ ከዚያ በላይ አልተጠየቅሁም።
እዚህ ስደርስ ግን፣ መጥረጊያ ሲሉኝ ጫማ፣
ጫማ ሲሉኝ ሩዝ አቀረብኩ፣ ከንጋት እስከ ጨለማ።
ስም ነበረው የእኔም በሽታ፦
«ማ ትፍሀም»፣ «ሙኽ ማፊ»፣
ሌላም፣ የእንስሳ ስም ያለበት።
ሐኪም ግን አልተጠራልኝም።
የራሴን ቅል ማንም ፎቶ አላነሳውም።
አስናቀች መባሌን ምላሳቸው ስላልቻለ፣
«አስማ» አሉኝ፤ ለካ በነሱ አፍ «ስሞች» ማለት ነው፤ ይህም አለ።

ያኔ እጄን የያዘችኝ ማማ ሙዛ ነበረች፣
ከቧንቧው ስር አስገብታ «ማይ» አለች፤ ደገመች፤
«ማይ»።
ደነገጥኩ። ይቺንማ አውቃታለሁ፣
ከቄሱ አፍ፣ ከግዕዙ፣ ከጠበል ቤት ሰምቻታለሁ፤
ቀድማኝ ባሕር ተሻግራ፣
ጠበቀችኝ ከሰው ማእድ ቤት፣ ከቧንቧው ጋራ።

ዛሬ ተራዬ ነው። እጇን ይዤ፣ ሥሩ የወጣውን፣
ከቧንቧው ስር አስገባሁት፤ ከፈትኩላት ለብ ያለውን።
«ማይ» አልኳት። አየችኝ።
«ማይ» አልኳት።
ጠብታውን በጣቷ እየቆጠረች፣
«ማክሰኞ» አለች።

አላረምኳትም።
እኔ ስታረም የነበረበትን እጅ አውቀዋለሁ።
ብርጭቆውን ማክሰኞ ሞላሁላት፤
ግጥም አድርጋ ጠጣች።
ነገ ሌላ ስም ታውጣለት፤ ይሁን፣
ስሞች አይደለሁ እኔ? አንድ ብጨምር ምን?

ጃሲም ከበሩ ላይ፦ «ምን አለች?»
«ጠምቷት ነበር» አልኩት፤
ባዶውን ብርጭቆ አነሳሁ።
ከታች ኩንጁሞን መኪና ያጥባል፤
ውኃው ይሰማል።